ደረቁ ከላይ፣ እርጥቡ ከታች፦ ስለ ርካሽ መኪናና ስለ ሻጭ አማና

ርካሽ ዕቃ ሠርቶ በርካሽ መሸጥ ነውር ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ዛሬ በከተሞቻችን መኪና ያለውም ሆነ ለመኪና ብር የሚያጠራቅመው ሰው ጋራዥ ደጃፍ ሲገናኝ የሚያነሣው ወሬ ዞሮ ዞሮ ከዚሁ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። አንዱ «አዲስ ነው ብዬ በርካሽ ገዛሁ፤ አራት ዓመት ሳይሞላው ጉድ ሠራኝ» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «የከፈልከውን ያህል አገኘህ፤ ታዲያ ማንን ትወቅሳለህ?» ይለዋል። ሁሉም ይስቃል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

በእኔ በኩል ነገሩ በዚያ መዘጋት የለበትም እላለሁ። «የከፈልከውን ያህል አገኘህ» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ለማታለል ይመቻል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ርካሽነት በራሱ ጥፋት አለመሆኑን፣ ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ መሆኑን፣ ያም ጥፋት ከፋብሪካው ተነሥቶ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልነው እስከ እኛው ደጃፍ የሚደርስ መሆኑን ነው።

በቅድሚያ ስለ ራሴ ጉዳይ ጥቂት ልበል። ኑሮዬ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ሥራዬ ከዶርዜና ከጨንቻ ሸማኔዎች ጋቢ፣ ነጠላና ቡልኮ እየተረከብኩ አዲስ አበባ ላሉ ነጋዴዎች መላክ ነው። ከአርባ ምንጭ እስከ ዶርዜ ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገዱ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ታች ከሐይቆቹ አጠገብ ሙቀት፣ ላይ ደግሞ ጭጋግና ዝናብ ነው። ሲወጣ ሞተር ይጨነቃል፤ ሲወረድ ፍሬን ይነዳል። ይህን መንገድ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚመላለስ መኪና ምን እንደሆነ ቶሎ ይታወቃል።

በ2008 ዓ.ም አንዲት ትንሽ አዲስ መኪና ገዛሁ። የሠራትን ፋብሪካም ሆነ የሸጠልኝን ድርጅት ስም አላነሣም፤ ክርክሬ ከአንድ ፋብሪካ ጋር አይደለምና። ዋጋዋ ብዙ ዓመት ካገለገለ ቶዮታ ዋጋ ብዙም የማይበልጥ ነበር። የወንበሯ ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ያገለገለ መኪና ከስንት ሰው እጅ እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደተጋጨ ማን ያውቃል? አዲሱ ግን ታሪኩ ከእኔ ጋር ይጀምራል ማለት ምክንያታዊ ሐሳብ ነው።

ሁለት ዓመት ዘይትና ፊልትሮ ከመቀየር በቀር ምንም አልጠየቀችኝም። በሦስተኛው ዓመት፣ ያውም የዋስትናው ጊዜ ካለቀ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አሞርዛተሮቹ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመሩ፤ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ማላዘን ጀመረ። በአራተኛው ዓመት ከበሮቹ ሥር ዝገት ፈነዳ። የራዲያተሩ የፕላስቲክ ክፍል አቀበት ላይ ተሰነጠቀ፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ። በአምስተኛው ዓመት የሽቦዎቹ ልባስ እየደረቀ መፈርፈር ያዘ። መለዋወጫው አርባ ምንጭ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፤ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ዕቃም ከተሰበረው አይሻልም። በመጨረሻ ሒሳቡን ስደምረው፣ ለጋራዥና ለመለዋወጫ ያወጣሁት ስገዛ ተረፈልኝ ያልኩትን ገንዘብ በልቶታል። መኪናዋ ቆማ የዋለችባቸውን የገበያ ቀናት ሳልቆጥር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ጉድለቱ በአራተኛው ዓመት የመጣ አይደለም። መኪናዋ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን በላሜራው፣ በጎማውና በፕላስቲኩ ውስጥ ነበረ። የዘገየው መታየቱ ብቻ ነው።

ይህን የሚያውቀው ማን ነው? ገዥው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የመኪና ላሜራ ዝገትን እንዲቋቋም በዚንክ ይለበጣል። ልባሱ ሲሳሳ ወይም አንዳንዱ ክፍል ሳይለበጥ ሲቀር ወጪ ይቀንሳል፤ ቀለሙ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ያብረቀርቃል። የመኪና ሥራ ባለሙያዎች ላሜራውን የጨው ውኃ እየረጩ በስንት ሰዓት እንደሚዝግ ይለካሉ። ጎማ ነክ ዕቃውን በሙቀት እያቆዩ መቼ እንደሚሰነጠቅ ይፈትናሉ። አሞርዛተሩን በማሽን ላይ ሰቅለው እስኪደክም ያወዛውዙታል። የዋስትና ዘመንም ዕጣ ተጥሎ አይወሰንም፤ ዕቃው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው የሚያሰላው ስሌት ነው። እንግዲህ አንዱ ወገን አራተኛውን ዓመት አስቀድሞ አይቶታል፤ ሌላው ወገን አላየውም። ዋጋው ላይ ሲደራደሩ ሁለቱ ሰዎች ያዩት ዕቃ አንድ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ «የከፈልከውን ያህል አገኘህ» እንዴት ይባላል? እኔ የከፈልኩት ለታየኝ መኪና ነው፤ ያገኘሁት ግን ያልታየኝን ነው።

ርካሽነትን ከማታለል የሚለየው ይህ ነው። ከሕንድ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የታታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 «ናኖ» የተባለችውን መኪና በ100,000 ሩፒ ገደማ ዋጋ ገበያ ላይ አወጣ። በዓለም ላይ እጅግ ርካሽ የተባለች አዲስ መኪና ነበረች። ርካሽ የሆነችበት ምክንያት ለማንም ገዥ በግልጽ ይታይ ነበር፤ የዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ብቻ ነው፤ ጎማዎቿ የታሰሩት በሦስት በሦስት ብሎን ነው፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ከውጭ አይከፈትም። ሞተር ሳይክል ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ደራርቦ ይሄድ የነበረ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ «ይበቃኛል» ብሎ ቢገዛት ማን ተበደለ? ማንም። ይሁንና ጥቂት ናኖዎች መንገድ ላይ እሳት ተነሣባቸውና ወሬው ሲሰማ ገዥው ሸሸ፤ ሌሎች ምክንያቶችም ተጨምረውበት እ.ኤ.አ. በ2018 ምርቱ ቆመ። ሰው አንድ መጥረጊያ ብቻ ያላትን መኪና በፈቃዱ ይቀበላል። አደጋ ያለበትን መኪና ግን ሳያውቅ መቀበል አይፈልግም። የመጀመሪያው ድህነትን የሚያከብር ርካሽነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ገዥው በዋጋ ድርድሩ ላይ ያልገባበት ነገር ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በሥራዬ ምክንያት ዘወትር የማየው የዶርዜ ቤት ይህንኑ ያስተምራል። ቤቱ ከቀርከሃ ተጠልፎ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ከዚያ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት ያጥራል፤ ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል። እንዲህ እያለ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ምስጥ የማይበላው ቤት ነው ብሎ የሚያሞግስ ሰው የለም። ገና ሲሠራ ያን ያህል ረጅም የሚደረገው እኮ እንደሚበላ ስለሚታወቅ ጭምር ነው! ማርጀቱ በዕቅዱ ውስጥ አለ፤ ሠሪውም ነዋሪውም እኩል ያውቁታል። ስለዚህ ቤቱ ሲያጥር የሚያዝን እንጂ የሚካሰስ የለም።

ማርጀት የፍጥረት ሁሉ ዕጣ ነው። ከብረት የተሠራ ሁሉ ይዝጋል፤ ከጥጥ የተሠራ ሁሉ ያልቃል። የጋቢ ገዥም ቢሆን ድሩና ማጉ የጠበቀውንና የሳሳውን እኩል ዋጋ አይከፍልባቸውም። ሸማኔው «ይህ ሳሳ ያለ ነው፤ ለብርድ አይሆንህም፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው» ካለኝ ተስማምተን እንለያያለን። ሳሳ ያለውን አጥፎ፣ ጠርዙን ብቻ አሳይቶ ቢሸጥልኝ ግን ጋቢውም ዋጋውም ያው ሆኖ ሳለ ሥራው ተለውጧል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁላችንም የምናውቀው የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የገበያ ታሪክ አለ። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የተከመረ እህል አዩና እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለ እህሉን ጠየቁት። ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። እሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ወደ ላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን፤ ግን ስለ ነጋዴው መልስ ቆም ብለን አስበን እናውቃለንን? ሰውየው አልዋሸም። እህሉን ያረጠበው እሱ አይደለም፤ ዝናቡ ነው። ውኃ አልቀላቀለም፤ ጉድለቱን አልፈጠረም። በዛሬው ቋንቋ «እኔ ምን አደረግሁ? ከላይ የመጣ ነው» ያለ ያህል ነው። መልሱ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ለምን? የተጠየቀው እህሉን ማን እንዳረጠበው ሳይሆን ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ያደረገው ማን እንደሆነ ስለነበረ ነው። ጉድለቱ የሰማይ ሊሆን ይችላል፤ አደራደሩ ግን የሻጩ ነው። እርጥብ እህል መሸጥም አልተከለከለም። እርጥቡ ከላይ ሆኖ፣ ገዥው አይቶት፣ በዋጋው ተስማምቶ ቢወስደው ንግዱ ሐላል ነው።

አሁን ይህን ወደ መኪናው ገበያ እናምጣው። አስመጪው «እኔ አልሠራሁትም፤ ፋብሪካው ነው» ይላል። ሻጩ ሠራተኛ «እኔ ደመወዝተኛ ነኝ» ይላል። የመጀመሪያው ገዥ ሊሸጠው ሲነሣ «እኔም እንዲሁ ነው የተሸጠልኝ» ይላል። ሁሉም ዝናቡን ይጠቅሳል። ነገር ግን እያንዳንዱ በተራው ደረቁን ከላይ እያደረገ ነው።

ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው መኪናዋን ልሸጣት በተነሣሁ ጊዜ ነበር። አንድ ደላላ መጥቶ አያትና ምክሩን በልግስና ሰጠኝ። ሞተሩን በሳሙና አሳጥበው፤ ወፍራም ዘይት ጨምርበት፤ ዝገቱን ስቱኮ አስሞልተህ ቀለም አስቀባው፤ ለገዥ የምታሳየው ጠዋት ሞተሩ ሳይግል ይሁን፤ ደግሞ እዚህ አትሽጠው፣ ሩቅ ከተማ ውሰደው። ሰውየው ክፉ አይደለም። የሚያውቀውን ሥራ ነው የነገረኝ። ይህ ምክር በየከተማው ስለሚሰጥ፣ ለዝምታ የሚቀርቡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

አንደኛው «ለእኔስ ማን ነገረኝ?» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም ይልቅ ልብን የሚያሳምን ነው፤ ምክንያቱም በደሉ እውነተኛ ነውና። ነገር ግን እኔን የበደለኝና አሁን ልበድለው የተነሣሁት ሰው አንድ አይደሉም። ዕዳዬ ፋብሪካው ወይም ሻጩ ዘንድ ነው። ያንን ዕዳ ከማያውቀኝ መንገደኛ ኪስ ማውጣት ዕዳ ማስመለስ አይባልም። የተሰረቀ ሰው የጎረቤቱን ቤት እንዲሰርቅ ፈቃድ አያገኝም።

ሁለተኛው «ገዥው መካኒክ ይዞ መጥቶ ይመርምር፤ ዓይን አለው» የሚለው ነው። መመርመር ከገዥ የሚጠበቅ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስቱኮው የተሞላው፣ ወፍራሙ ዘይት የተጨመረው ምርመራው እንዳይሠራ አይደለምን? ዓይኑን በእጄ ሸፍኜ «ለምን አላየህም?» ልለው አልችልም።

ሦስተኛው «ገበያው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ገዥውም ሁሉ እንደሚዋሽ ገምቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው» የሚለው ነው። ይህኛው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ያብራራል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። አሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። ገዥ ደኅናውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው አይሸጥም፤ መጥፎ ያለው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። እንዲህ እያለ ገበያው ውስጥ መጥፎው ብቻ ይቀራል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሀገራችን ውስጥ ሃያ ዓመት ያገለገለች ኮሮላ ወይም ቪትዝ ከብዙ አዲስ መኪና ይልቅ ዋጋዋን ጠብቃ የምትኖረው ለምንድን ነው? መለዋወጫዋ በየቦታው ስለሚገኝ ነው፤ ከዚህም ሌላ ምን እንደሆነች ስለሚታወቅ ነው። ሕዝቡ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው ለእምነት ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሁሉም ስለሚዋሽ እኔም ልዋሽ የሚል ሰው፣ ገበያውን ያበላሸውን ነገር ገበያው ስለተበላሸ ብሎ መጨመሩ ነው።

ጉድለትን መንገር ኪሳራ እንዳለው ግን አልክድም። እውነት የተናገረ ነጋዴ ሁልጊዜ ወዲያው ያተርፋል ብዬ አንባቢን አላባብልም። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ የጠቀሱት የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ ሰው ግመሉን በ300 ዲርሃም ሸጠ። ዋሲላ እዚያው ቆመው ነበርና ገዥው ከሄደ በኋላ ሮጠው ደረሱበት፤ ግመሏን የገዛት ለሥጋ ነው ወይስ ለመጓጓዣ ብለው ጠየቁት። ለመጓጓዣ መሆኑን ሲነግራቸው፣ ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ እንዳዩና ረጅም ጉዞ እንደማትችል አስረዱት። ገዥው ተመለሰ፤ ሻጩም 100 ዲርሃም ቀነሰለት። ሻጩ ንግዱን እንዳበላሹበት ተናግሮ ቅሬታውን ቢያሰማም ዋሲላ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተማሩትን ጠቅሰው ጸኑ።

ከዚህ ታሪክ ቢያንስ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዋሲላ ሻጭ አልነበሩም፤ ቆሞ ተመልካች ነበሩ። ስለዚህ አማናው ሻጩ ላይ ብቻ አያበቃም፤ የሚያውቀው መካኒክም፣ ደላላውም፣ አብሮ የሄደው ጓደኛም ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ መለኪያው ተሰጥቶናል። «ለሥጋ ነው ወይስ ለመጓጓዣ?» የሚለው ጥያቄ ትልቅ ጥበብ ነው። ሻጭ የወንበሩን ጭረት ሁሉ እንዲዘረዝር አይጠበቅም። ገዥው ለፈለገው አገልግሎት ልዩነት የሚያመጣውን መናገር ግን ግዴታው ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ቀላል የሆነ የራዲያተር ችግር፣ ወደ ዶርዜ ለሚወጣ ሰው የሞተር ሞት ነው። ሦስተኛ፣ ንግዱ አልፈረሰም፤ ግመሏ በ200 ዲርሃም ተሸጠች። ጉድለት ሲገለጥ ዋጋ ያገኛል፤ ሲሸሸግ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ያልተነገረው ሰው ነው።

እኔም መኪናዋ ያለባትን ሰባት ነገር በወረቀት ጽፌ ለሚመጣው ሁሉ አሳየሁ። ሁለት ሰዎች አንብበው ሄዱ። ሦስተኛው ከከተማ የማይወጣ ሰው ነበርና ከደላላው ግምት በታች በሆነ ዋጋ ወሰዳት። ልዩነቱ ለቤቴ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም፤ የተሻለ ገዥም ከሰማይ አልወረደልኝም። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም። ነገሩ የሚቻል መሆኑን፣ ዋጋም እንዳለው ሁለቱንም አብሬ ለመናገር ነው።

ምናልባት «ሕግ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነፃ ለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ለሸማቹ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ሁለቱም ሊታወቁና ሊጠቀሙባቸው የሚገቡ ናቸው። ነገር ግን ሕግ በጊዜ ገደብና በማስረጃ የሚሠራ ነው፤ በአራተኛው ዓመት የሚፈነዳ ዝገት ደግሞ ሁለቱንም ያመልጣል። በተጨማሪም ዋስትና የሚሠራው ዋስ የሆነው ሲኖር ነው። ይህ የእኔን መኪና የሚመለከት አይደለም እንጂ፣ ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር መኪኖቹን አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ በወንዞቻችን ስም ሲጠራቸው ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ድርጅቱ ከሰረና ተዘጋ። መኪኖቹ ግን መንገድ ላይ ነበሩ። ባለቤቱ ማንን ይጠይቅ? ስለዚህ ሕጉ በሚያልቅበት ቦታ የሚጀምር አንድ ነገር መኖር አለበት፤ እሱም አማና ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ገበያውን የያዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ ከመካከላቸው ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ፣ ጽሑፋቸው እንኳ በቻይንኛ የሆነ ብዙ አሉ። አየር የማይበክል፣ ነዳጅ የማይጠይቅ መኪና መምጣቱን የሚጠላ የለም። ግን ባትሪው በዕድሜና በሙቀት አቅሙን ያጣል፤ የመኪናውን ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ባትሪው ነው። በብዙ ሀገሮች ለባትሪ የ8 ዓመት ወይም የ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና መስጠት የተለመደ ነው። ያ ዋስትና መኪናውን ተከትሎ እኛ ጋ ይመጣልን? ባትሪው ሲደክም ማን ያድሰዋል? እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሙቀት፣ እንደ ዶርዜ ባለ አቀበት ምን ያህል ይጓዛል? የሚሸጠው ነጋዴ መልሱን የሚያውቀው ከሆነ ይናገር። የማያውቀው ከሆነም «አላውቅም» ይበል፤ ይህም ራሱ እርጥቡን ወደ ላይ ማውጣት ነው። አለማወቅን በእርግጠኝነት ሸፍኖ መሸጥ ከጉድለት መሸሸግ አይለይም።

ውድ አንባቢያን! ገንዘባችን ውስን ስለሆነ ርካሽ መግዛታችን አይቀርም፤ ሊያሳፍረንም አይገባም። የምትገዙ ሁሉ ከዋጋው በፊት ስለ አራተኛው ዓመት ጠይቁ፤ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ ዋስትናውን ማን እንደፈረመው፣ ያው መኪና አምስት ዓመት ያገለገለው ሰው ምን እንደሚል ጠይቁ። መካኒኮች ሆይ! በእጃችሁ ያለው ዕውቀት የዋሲላ ዕውቀት ነው፤ ሰው ከፍሎ ከሄደ በኋላ ሳይሆን ከመክፈሉ በፊት ተናገሩ። ደላሎች ሆይ! ኮሚሽናችሁ ሐላል የሚሆነው ሁለቱ ሰዎች አንድ ዕቃ አይተው ሲስማሙ ነው። አስመጪዎች ሆይ! ርካሹን አምጡልን፤ ነገር ግን በምን ምክንያት ርካሽ እንደሆነ ንገሩን፤ መምረጡን ለእኛ ተዉልን።

ለሁላችንም ደግሞ አንድ ነገር ይቀራል። በየእጃችን የሆነ የተከመረ እህል አለ፤ መኪና፣ ቤት፣ ጋቢ፣ ወይም የምንቀጠርበት ሙያ ሊሆን ይችላል። ዝናቡን ያዘነብነው እኛ ላንሆን እንችላለን። ደረቁን ከላይ የሚያደርገው እጅ ግን የማን እንደሆነ የሚያውቅ አላህ አለ። ወቢላሂ ተውፊቅ።